የማንም ያልሆነው አሸዋ

በጥር ወር፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ከሚዛን ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ፣ ሁለት የከተማው ጽሕፈት ቤት ሠራተኞች ወንዝ ዳር ወርደው በአሥራ አንድ የልብስ ማጠቢያ ድንጋዮች ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ጻፉ። ሲያጥቡ የነበሩት ሴቶች ቀለሙ እስኪደርቅ ዳር ቆመው ጠበቁ። ከዚያ ተመልሰው ማጠባቸውን ቀጠሉ።

እኔ እዚያ አልነበርኩም። የነገሩኝ ቁጥሩን ከጻፉት ሁለት ሠራተኞች አንዱና ሰባተኛው ድንጋይ ላይ ስታጥብ የነበረችው ሴት ናቸው። ለየብቻ ነው የጠየቅኳቸው። በሰዓቱም በነገሩም ይስማማሉ።

ለቁጥሩ መነሻ የሆነው የእኔ ጽሑፍ ነው። የከተማዋን ስም እዚህ አልጽፍም። አንድ ጊዜ ጽፌዋለሁ።

ወደዚያ የሄድኩት በኅዳር መጨረሻ፣ ስለ ቡና ለቀማ ልዘግብ ነበር። ከተማው በቡና ነጋዴና በሾፌር ተሞልቶ አልጋ ጠፋ። ለሁለት አልቤርጎዎች አንሶላ የምታጥብ አንዲት ሴት ወንዝ ዳር ባለው ቤቷ ትርፍ ክፍል እንዳላት ተነገረኝና ሁለት ሳምንት እሷ ጋ ተቀመጥኩ። ከእኔ በጥቂት ዓመት ትበልጣለች። እትዬ እላት ነበር።

ወንዙ ከደኑ ወጥቶ ሰፈሩ ጋ ሲደርስ ይጠመዘዛል። ክረምት ይዞት የመጣውን አሸዋ መጠምዘዣው ላይ ይጥለዋል፤ በጋ ውሃው ሲጎድል ከአንድ የኳስ ሜዳ የማያንስ ነጭ አሸዋ ይገለጣል። ሰዎቹ ሰፈሩንም ዳርቻውንም «አሸዋው» ነው የሚሉት። ቤቶቹ ፊታቸውን ወደ ከተማው ሳይሆን ወደ ውሃው አዙረዋል። ከመንገድ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ጓሯቸውን ነው።

ኑሯቸው ለሚያየው ሰው ቀላል ይመስላል። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ከቡና የተመለሰው ሁሉ አሸዋው ላይ ይወርዳል። ነጠላ ጫማውን መውረጃው ላይ ያወልቃል፤ ሲመሽ የሚቀርበውን አጥልቆ ይሄዳል እንጂ የራሱን አይፈልግም። ባለ ሱቁ መዋኘት ሲያምረው ሱቁን ሳይዘጋ ይሄዳል። ጡረታ የወጣ አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ከቀትር እስከ ማታ ሾላው ሥር ተቀምጦ በቆርኪ ዳማ ይጫወታል፤ ሲሸነፍ ቆርኪዎቹን ውሃው ውስጥ ወርውሮ እንደ አዲስ መልቀም ይጀምራል። ወጣቶቹ ዋኝተው ሲወጡ እርጥብ ገላቸውን የጋለው አሸዋ ላይ ዘርግተው ያንቀላፋሉ። እሑድ ፕሮቴስታንቶቹ ከጸሎት መልስ፣ ኦርቶዶክሶቹ ከቅዳሴ መልስ አንድ ላይ አናናስ ይበላሉ። የሚቸኩል ሰው አላየሁም።

ይህ ሁሉ እርስ በርሳቸው ሲሆን ነው። እኔ ስመጣ ጨዋታው ይቆማል። በአማርኛ ሲሳሳቁ የነበሩት ወደ ቤንችኛ ወይም ወደ ሸኮኛ ይዞራሉ፤ አልፌ ስሄድ ሳቁ ከኋላዬ ይቀጥላል። መንገድ ብጠይቅ በጣት ወደ ወንዙ ያሳዩኛል። የክብር ሰላምታቸው አይጓደልም፣ «እንደምን ዋሉ» ይላሉ፣ ከዚያ ፊታቸው እንደ ሱቅ መስኮት ይዘጋል። በሥራዬ ብዙ ቦታ ተገፍቻለሁ፤ እንደዚያ ተመቻችቶ፣ ጋደም ብሎ የሚገፋ ሰው ግን አላየሁም። ሰፈሩን አልወደድኩትም። ጽሑፉ ላይ ይህን አላልኩም።

በመጣሁ በሁለተኛው ቀን ሸሚዜን ላጥብ ወርጄ የሚቀርበኝ ድንጋይ ላይ አነጠፍኩት። ጥቂት ቆይቶ አንዲት ሴት የልብስ ሳፋ በራሷ ተሸክማ መጥታ ከኋላዬ ቆመች። አሥር ደቂቃ ያህል ቆመች።

«ይቅርታ እህቴ፣ ድንጋዩ የአንቺ ነው እንዴ?» አልኳት።

«የማንም አይደለም» አለች። ከቆመችበት ግን አልተነቃነቀችም።

የማንም ካልሆነ ብዬ ሸሚዜን አጥቤ ጨረስኩ።

በሁለቱ ሳምንት ውስጥ ሌሎች ሦስት ሰዎችን ጠየቅኩ፤ ሾፌሩን፣ ባለ ሱቁን፣ ያከራየችኝን ሴት። አሸዋው የማነው? ድንጋዮቹ የማን ናቸው? ሦስቱም ለየብቻቸው፣ የቃል ልዩነት እንኳ ሳይኖር «የማንም አይደለም» አሉ። ማስታወሻዬ ላይ አሰፈርኩት። አሥራ አንዱ ድንጋይ የአሥራ አንድ ቤት እንደሆነ፣ እናት ለልጅ፣ አማት ለምራት እንደምታስተላልፈው፣ ማንም የሌላውን እንደማይነካ ያወቅኩት በኋላ ነው። ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልግም ነበር፤ አንድ ጠዋት ቁጭ ብሎ ማየት ይበቃ ነበር። እኔ ግን ጠየቅኩ፣ ስጠይቅም ደብተር ይዤ ነበር።

ጽሑፉ በታኅሣሥ መጨረሻ ወጣ። ርዕሱ «የማይቸኩል ሰፈር» የሚል ነው። መካከሉ ላይ እንዲህ የሚል ዓረፍተ ነገር አለ፦ «አሸዋውም የማጠቢያ ድንጋዮቹም ባለቤት የላቸውም፤ ይህንን ሦስት ነዋሪዎች በየግላቸው አረጋግጠዋል።» ጋዜጣው ከተማው ከመድረሱ በፊት ፎቶው በቴሌግራም ደረሰ። በሳምንቱ ከቴፒና ከሚዛን መኪና ተከራይተው የሚመጡ ወጣቶች ስፒከር ይዘው አሸዋው ላይ ወረዱ። ቀጥሎ ቀይ ቀለሙ መጣ።

ሰኞ ጠዋት ያከራየችኝ ሴት ስልክ ደወለች።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ብለህ ነው የጻፍከው?»

«ያላችሁኝን ነው እትዬ።»

«ያልኩህንማ አውቃለሁ። ለምን ጻፍከው ነው የምልህ።»

በማግስቱ ሄድኩ። ከመንገዱ ወደ አሸዋው ስወርድ ሾፌሩ ከሾላው ሥር አየኝ።

«ጋዜጣ መጣ!» ብሎ ጮኸ። «ጫማችሁን ሰብስቡ! ባለቤት የለውም ብሎ ይጽፈዋል!»

የተኙት ሁሉ ተነሥተው ሳቁ። አንዱ ጎረምሳ ነጠላ ጫማውን አንሥቶ ደረቱ ላይ አቀፈ። «የኔ ነው ጋሼ፣ ጻፈው፣ በቀኝ በኩል ተበጥሷል!» አለ። ሳቁ ቆመ፤ እኔን ማየትም አብሮ ቆመ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም «እንደምን ዋሉ» አላለኝም። ባለ ሱቁ ውሃ ስጠይቀው አልቋል አለኝ። ውሃው ከኋላው ተደርድሮ ይታያል።

ጽሕፈት ቤቱ ሄድኩ። ጉዳዩን የያዘው የመሬት ባለሙያ ትሁት ወጣት ነው፤ ወንበር ሰጠኝ፤ ስልኩን አውጥቶ የእኔን ጽሑፍ ከፈተ። ዓረፍተ ነገሩ ላይ በቢጫ አስምሮበታል።

«የመዝናኛ ቦታ ሐሳብ ከድሮም ነበረን። የከለከለን የባለቤት ጥያቄ ነው። እርስዎ መለሱልን» አለ።

«ስህተት ነው። ማስተካከያ እጽፋለሁ።»

«ይጻፉ። ግን እኔ በጋዜጣ ማስተካከያ አልሠራም። ሐሙስ ኮሚቴው አሸዋው ላይ ይወርዳል። አንድ ሰው ‹የኔ ነው› ካለ እመዘግባለሁ። የሚል ከሌለ እርስዎ ልክ ነበሩ ማለት ነው።»

ሐሙስ ከመድረሱ በፊት ያለውን ጊዜ የተጠቀምኩት ያከራየችኝን ሴት ለማሳመን ነው። የሚጎዳው ማን እንደሆነ ግልጽ ነበር። ሌሎቹ አሥሩ ቤቶች የሚያጥቡት የራሳቸውን ልብስ ነው፤ የወንዙ ዳር ቢዘጋ ከቧንቧ ቀድተው ያጥባሉ። የእሷ ግን እንጀራዋ ነው። የእሷ ድንጋይ፣ ሰባተኛው፣ ጠፍጣፋ ነው፣ ሁለት ሰው ያስተኛል፣ ውሃው የሚፈጥንበት ቦታ ነው። አንሶላውን እዚያው አጥባ እዚያው አሸዋው ላይ ታሰጣዋለች። አንዱ የአልቤርጎ ባለቤት ቁጥሩን እንዳየ፣ ድንጋዩ ከተነካ አንሶላውን አማን ከተማ ልኮ እንደሚያሳጥብ ነግሯታል።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ በራፏ ላይ ተቀምጠን አነጋገርኳት። አንሶላ እያጠፈች ነበር፤ አላቋረጠችም።

«ነገ ሲጠይቁሽ የኔ ነው በያቸው» አልኳት።

«ማን እንዲህ ሲል ሰምተህ ታውቃለህ እዚህ?»

«ለዚህ እኮ ነው ባለቤት የለውም የተባለው።»

«በደርግ ጊዜ ወረቀት ይዘው መጡ» አለች። «ልጅ ነበርኩ። ‹ይሄ ቡና የማነው› አሉ። አባቴ ‹የኔ ነው› አላቸው፤ እየዞረ ድንበሩን በእግሩ እየረገጠ አሳያቸው። ደስ ብሎት ነው የሚያሳያቸው። ጎረቤታችን ‹እኔ እንጃ፣ ጫካ ነው› አለ። የአባቴን ወሰዱት። የጎረቤታችንን ዛሬም ልጆቹ ይለቅማሉ።»

«እትዬ፣ ያ ሌላ ጊዜ ነው። አሁን ሕግ አለ።»

«ሕግማ ያኔም ነበረ።»

ሌላ ዘርግታ ማጠፍ ጀመረች። እኔ ስለ ይዞታ የማውቀውን ተናገርኩ፤ ለረጅም ጊዜ የተጠቀመ ሰው መብት እንዳለው፣ ያልተናገረ ግን እንደሌለ እንደሚቆጠር። የተናገርኩት ትክክል ነበር፤ በኋላ አንድ ጠበቃ ጠይቄ አረጋግጫለሁ። እሷ ካጠፈችው ክምር ላይ እጇን አሳረፈች።

«አማን ከላከው ምን እሠራለሁ?» አለች። ለእኔ አልነበረም የምትናገረው።

ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ ኮሚቴው ወረደ፤ አምስት ሰዎች፣ ባለሙያውን ጨምሮ። ሰፈሩ በሙሉ አሸዋው ላይ ነበር፤ በሥራ ቀን፣ በዚያ ሰዓት፣ እንዲህ ተሰብስበው አይቼ አላውቅም። ሴቶቹ በየድንጋያቸው አጠገብ ቆመዋል። ከዳር ሆኜ ስመለከት አሥራ አንዱን ባለቤት በትክክል መናገር እችል ነበር።

ባለሙያው ከአንደኛው ድንጋይ ጀመረ። ሾፌሩ እዚያ ነበር፣ ከሚስቱ ጎን።

«አባቴ፣ ይህ ድንጋይ የማነው?»

«የወንዙ።»

«ማን ያጥብበታል?»

«የቆሸሸ ሰው።»

«ማለቴ ከእናንተ ማን?»

«እንደቆሻሻው ነው ልጄ። አንተም ከፈለግህ አውልቅና ግባ።»

ከኋላ ሳቁ። ባለሙያውም ፈገግ አለ፤ «ባለቤት የለውም» ብሎ ጻፈ። በሁለተኛው ላይ ባለ ሱቁ «እኔ ዓይኔ አያይም፣ ድንጋይ ነው እንዴ ይሄ?» አለ። በሦስተኛው ሴትየዋ ትከሻዋን ሰበቀች። አራት፣ አምስት፣ ስድስት። የማንም አይደለም፣ የማንም አይደለም፣ እኔ እንጃ። ባለሙያው መጻፉን ትቶ ከላይ ያለውን መልስ በጭረት ወደ ታች መውሰድ ጀመረ።

ሰባተኛው ላይ ያከራየችኝ ሴት ቆማለች። እጇ ደረቅ ነበር።

«እናቴ፣ ይህስ?»

«የኔ ነው» አለች። «የእናቴ ነበር። የሷም እናት።»

ባለሙያው ሙሉ ስሟን ጠየቃት፣ ነገረችው። የቤት ቁጥር ጠየቃት፣ ነገረችው። ጣት እንድትቀባ ሰማያዊ ቀለም አቀረቡላት፤ «መፈረም እችላለሁ» ብላ ፈረመች። ከስምንተኛው ድንጋይ አጠገብ የነበረችው ሴት ሳፋዋን አንሥታ ራሷ ላይ አደረገች፣ ሄደች። ከስድስተኛውም ሄደች። አንዲት አሮጊት በቤንችኛ አንድ ነገር ተናገሩ፤ አጭር ነው፣ ሁሉም ሰሙት። ምን እንዳሉ አራት ሰው ጠየቅኩ፤ የተረጎመልኝ የለም። እሷ ግን ሰምታዋለች፤ ፊቷ ተለወጠ።

ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ያሉት የማንም አልነበሩም።

ስመለስ ሾፌሩ መውረጃው ላይ ጠበቀኝ።

«አስተማርካት አይደል?» አለኝ።

«መብቷን ነው የነገርኳት።»

«መብቷን።» ጫማውን በእግሩ ፈልጎ አጠለቀ። «እኛ የምንፈልገው መብት አይደለም። የምንፈልገው ማንም እንዳያውቀን ነው። ሂድ አሁን፣ መኪናህ እንዳያመልጥህ። አንተ መቼም ትቸኩላለህ።»

ማስተካከያው በየካቲት ሁለተኛ ሳምንት ወጣ። አሥራ አንዱ ድንጋዮች በልማድ የአሥራ አንድ ቤቶች መሆናቸውን፣ ቀድሞ የጻፍኩት ስህተት እንደነበረ ይናገራል። ስህተቱን ሳርም ለሁለተኛ ጊዜ ሳይጠይቁኝ ስለ እነርሱ መጻፌ እንደሆነ አላሰብኩትም።

በመጋቢት ያከራየችኝ ሴት ደብዳቤ ደረሳት። በስልክ አነበበችልኝ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሁለተኛውን ቀስ ብላ። በወንዝ ዳርቻ ያለ ፈቃድ የያዘችውን ይዞታ ማስረጃ ካላት በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ እንድታቀርብ፣ ከሌላት እንድታነሣ ይላል። ባለሙያው ጋ ደወልኩ። አልሸሸኝም።

«ሌሎቹ አሥሩስ?» አልኩት።

«እነሱን መንካት አልቻልንም። ባለቤት የሌለው የወንዝ ዳርቻ ለካ የዞን ጉዳይ ነው። ለዞን ጽፈናል፣ መልስ የለም። ያለ ማስረጃ የተያዘ ይዞታ ግን በቀጥታ የእኛ ሥልጣን ነው። ሰው ተመዝግቦበታላ። ደብዳቤ የሚጻፍለት ሰው አለ።»

«እሷም ዝም ብትል ኖሮ?»

«እሱማ ከዞን መልስ እየጠበቅን ነበር፣ እንደ ሌሎቹ።»

ደብዳቤው የጠቀሰውን አንቀጽ ፈልጌ አየሁት። ያለው ልክ ነው።

ማስረጃ ፈለግን። የእናቷ ድንጋይ እንደነበር የሚመሰክር ሦስት ሰው ቢገኝ ጽሕፈት ቤቱ እንደሚያየው ባለሙያው ነገረኝ። ሄጄ ሾፌሩን ጠየቅኩ። ሳይነሣ፣ ዓይኑን ከዳማው ሳያነሣ፣ «የትኛው ድንጋይ?» አለ። ባለ ሱቁን ጠየቅኩ፤ እሱ እዚያ ሰፈር እንዳልተወለደ ነገረኝ፤ ውሸት ነው። ከስምንተኛው ድንጋይ የሄደችው ሴት በሯን አልከፈተችም፤ ከውስጥ ትሰማኝ ነበር።

ሎደሩ የመጣው በመጋቢት መጨረሻ፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው። ኦፕሬተሩ ድንጋዩን ለማንሣት አንድ ሰዓት ያህል ፈጀበት፤ ከታች የተቀበረው ከላይ ከሚታየው ይበልጥ ነበር ብሎኛል። ስድስተኛውና ስምንተኛው አልተነኩም፤ ጎማው እንዳይነካቸው የሰፈሩ ሰዎች ወርደው አሳይተውታል። በዚያው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ አሸዋው እንደወትሮው ሞልቶ ነበር።

በሚያዝያ ለመጨረሻ ጊዜ ሄድኩ። «ጋዜጣ» ብሎ የጮኸም የለም። ተኝተው የነበሩት አልተነሡም። ሾፌሩ ጋ ሄጄ ቆምኩ።

«አጠገባችሁ ለምን አታስጠጓትም?» አልኩት። «አንድ ድንጋይ ላይ ሁለት ሴት ተራ በተራ ቢያጥቡ ምን ይሆናል? የሚስትህ ድንጋይ ላይ እንኳ።»

ቀና ብሎ አየኝ። የደስ ደስ ያለው ሰው ነው፤ ያን ጊዜም ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም።

«የማን ድንጋይ ላይ?» አለ። «እዚህ ድንጋይ ያለው ሰው የለም። የነበራት እሷ ብቻ ናት።»

ቆርኪውን አንቀሳቀሰ። ተጋጣሚው «በላሁህ!» አለ። ሾፌሩ እየሳቀ ቆርኪዎቹን ሰብስቦ ውሃው ውስጥ ወረወራቸው።

ቤቷ ተዘግቶ ነበር። ጎረቤቶቿን ጠየቅኩ፤ አያውቁም። የአልቤርጎው ባለቤት አንሶላው አሁን በሳምንት ሁለት ጊዜ አማን እንደሚላክ ነገረኝ፤ እሷ የት እንደሄደች ግን «አልጠየቅኳትም» አለ። ጌጫ ከተማ እህት እንዳላት አንድ ጊዜ ነግራኝ ስለነበር ወደ ቴፒ ወርጄ መናኸሪያውን ጠየቅኩ። በጌጫ አድርጎ ማሻ የሚሄደው መኪና ረዳት አስታወሳት። የተሳፈረችው ከፋሲካ በፊት ባለው ሰኞ ነው። አንድ ሳፋ ይዛ ነበር፤ ጣሪያ ላይ ይጫን ሲላት እምቢ ብላ ጭኗ ላይ አድርጋው ሄዳለች። መናኸሪያው ውስጥ ያለው መዝገብ መኪናው የወጣው አንድ ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ እንደሆነ ያሳያል። ጌጫ ላይ ሁለት ሰዎች ወርደዋል፤ ስማቸው አልተጻፈም።